ከበሩ በላይ የነበረው ሰሌዳ

ክብርት ወይዘሮ ማርጎት ዶላን፤ ክቡራትና ክቡራን የሥራ ባልደረቦቼ፤

ይህን ምሳ ላሰናዳችሁልኝ፣ ከጠዋት ጀምራችሁ የጥብሱን ጭስ ስትውጡ ለቆያችሁት፣ ሎብስተሩን ከፖርት ማክዶኔል ወደብ ድረስ ወርዳችሁ ላመጣችሁት፣ ከሁሉም በላይ ስለ ወንበሩ፣ ምስጋናዬ ከልብ ነው። ወንበሩ ግሩም ነው። ወደ ኋላ ይንጋለላል፤ እግር ያነሣል፤ የአየር ሲሊንደር የሚሞላልን ዳሚር እንዳስረዳኝ ከሆነም አንዱን ቁልፍ ሲጫኑት ጀርባ ያሻል።

ታዲያ ልብ ብላችሁ ከሆነ እስካሁን አልተቀመጥሁበትም። ማርጎት ደጋግማ «አልዊን፣ እባክህ አረፍ በል፤ ሰውን ሁሉ አስጨነቅኸው'ኮ» አለችኝ። እኔም «እሺ» እያልሁ ወደ በሩ ተመላለስሁ። ወደ በሩ የምመላለሰው ለምን እንደ ሆነ የጠየቀኝ አለ? የለም። ሽማግሌ ስለ ሆንሁ መጸዳጃ ቤት የምፈልግ መስሏችሁ በጨዋነት ዝም አላችሁ። ስለ ጨዋነታችሁም አመሰግናለሁ።

እውነቱ ግን ሌላ ነው። ልቤ አላርፍ ብሎኛል። ለዛሬ የሚሆን ንግግር በጥንቃቄ ጽፌ፣ በልጅነቴ እንደ ተማርሁት በቃሌ አጥንቼ፣ በመስተዋት ፊትም ተለማምጄ ነበር የመጣሁት። ስለ መልካም ባልደረብነትና ስለ ውብ ትዝታ የሚያወሳ፣ መግቢያና መደምደሚያ ያለው፣ ሥርዓቱን የጠበቀ ንግግር ነበር። ኪሴ ውስጥ ነው። እዚያው ይቆይ። ዛሬ የምናገረው ስለ አንድ ነገር ብቻ ነው፤ እርሱም ነገ ጠዋት በቴጋን ጀርባ ላይ ስለሚታሰረው ሰሌዳ ነው።

ቴጋን፣ ፊትሽን አታዙሪ። ስምሽን የጠራሁት ላሳፍርሽ አይደለም። ከሰኞ ጀምሮ የመሣሪያ መምረጫ ክፍላችን ኃላፊ እንድትሆኚ በጽሑፍ የጠየቅሁት እኔው ነኝ፤ በዚህም አልጸጸትም።

በዚህ አዳራሽ ውስጥ የባልደረቦቻችን ባሎችና ሚስቶችም ስላላችሁ፣ ውኃ ውስጥ ጠልቃችሁ ለማታውቁት ነገሩን ከሥሩ ላስረዳ። ጠላቂ ሲሊንደሩን እንዲያው በጀርባው ላይ አያዝለውም። በጀርባውና በሲሊንደሩ መካከል ከትከሻ እስከ ወገብ የሚደርስ ጠንካራ ሰሌዳ አለ። ማንገቻው የሚያልፈው በእርሱ ነው። አየር እየተነፋ ጠላቂውን የሚያነሣው ከረጢት የሚያያዘው በእርሱ ነው። ሲሊንደሩ በብሎን የሚታሰረውም በእርሱ ነው። ይህ ሰሌዳ ከማይዝግ ብረት፣ ከአሉሚኒየም ወይም ከፕላስቲክ ይሠራል። ቅርጹ አንድ ዓይነት ነው፤ ውኃ ውስጥ ያለው ክብደት ግን እጅግ ይለያያል። እኔ በዚህ የጠላቂዎች መሣሪያ ቤት ያረጀሁት ሰው ከሦስቱ የትኛውን መሸከም እንዳለበት በመምከር ነው።

በግ አርቢው ወንድሜ አንድ ቀን «ዕድሜህን ሙሉ ሰሌዳ ስትመርጥ ኖርክ ማለት ነው?» ብሎ ሳቀብኝ። «አንተስ ዕድሜህን ሙሉ በግ ስትሸልት አልኖርህም? ቢያንስ የእኔ ደንበኞች ተመልሰው መጥተው ያመሰግኑኛል» አልሁት። እስከ ዛሬ መልስ እያሰበ ነው።

ወደ እኔ ክፍል የገባ ጠላቂ ሁሉ መጀመሪያ የሚያገኘው ጥያቄ ነው። ምን ዓይነት ልብስ ትለብሳለህ? ሲሊንደርህ ምንድን ነው? የምትገባው ባሕር ነው ወይስ የእኛ የማውንት ጋምቢየር ውኃ የሞላበት ጨው አልባ ጉድጓድ? ሰሌዳው የሚመጣው ከዚህ ሁሉ በኋላ ነው። እኔን ያስተማሩኝ መምህር ጥያቄውን አንብቦ ሳይጨርስ መልስ የጻፈን ተማሪ መዳፉን አስዘርግተው በማስመሪያ ይመቱት ነበር። ጨካኝ ሰው ነበሩ፤ አልወዳቸውም ነበር። ነገር ግን ስንት ጊዜ ናፍቀውኛል መሰላችሁ! ሰሌዳ ፈልጎ ከሚመጣው ሰው አብዛኛው መልሱን ከጥያቄው በፊት ይዞ ነው የሚመጣው።

ያን ከአደሌድ ከተማ የመጣውን ረጅም ሰውዬ ታስታውሱታላችሁ? «ከሁሉም ቀላሉን ስጠኝ፤ አውሮፕላን ላይ እንዳይከብደኝ» አለኝ። «ልብስህስ?» ስለው «ወፍራሙ ደረቅ ልብስ፤ ከውስጥ ደግሞ ሁለት ሹራብ» አለ። ደረቅ ልብስ ማለት ውኃ የማያስገባ፣ ውስጡ ግን አየር የሚይዝ ልብስ ነው። ፕላስቲክ አልሸጥልህም አልሁት። ተቆጥቶ ሄደና ከሌላ ቦታ ገዝቶ ተመለሰ። ገንዳችን ውስጥ ሲገባ እንደ ቡሽ ተንሳፈፈ። ወገቡ ላይ ከባድ የእርሳስ ማዕድን ጨመረ፤ አልሰምጥ አለ። ኪሱ ውስጥ ጨመረ፤ ቁርጭምጭሚቱ ላይ ጨመረ። በመጨረሻ ሲሰምጥ ደግሞ ወገቡና እግሩ ወደ ታች ተጎትተው በውኃው ውስጥ እንደ ቆመ ሰው ሆነ። ሲወጣ ዳሚር ምን አለው? «ወንድሜ፣ የገና ዛፍ መስለሃል'ኮ፤ መብራቱ ብቻ ነው የቀረህ!»

ለዚያ ሰው መድኃኒቱ ብረት ነበር። ወገቡን ይጎትት የነበረው ክብደት በብረት ሰሌዳ መልክ ከሳንባው በላይ ቢያርፍለት ኖሮ፣ ውኃው ላይ እንደ ጠረጴዛ ተዘርግቶ ይጓዝ ነበር። ስለዚህ ማንም «አልዊን ብረት ይጠላል» እንዳይለኝ። እኔ ብረት አልጠላም።

አሁን በሩን ያለፈው ማን ነው? አንተ ነህ ዳሚር? ቢራ ፍለጋ ስትወጣና ስትገባ እግርህ ሥር የሆነ ነገር ድም ብሎ ጮኸ አይደል?

ከኋላ ያላችሁ አልሰማችሁ እንደ ሆነ፣ «ወለሉ ነው፤ ይሄ ቤት እንደ አንተ አርጅቷል» ነው የሚለኝ። እሺ። ተቀመጥ። ወደ ወለሉ ኋላ እንመለሳለን።

የዚህ ቤት መሥራች፣ የማርጎት አባት አርኪ ዶላን፣ የአይብ ፋብሪካው በተዘጋ ጊዜ ከአንዱ የወተት ጋን ላይ ወፍራም የማይዝግ ብረት ቆርጦ፣ በሞረድ ፍቆ፣ አንድ ሰሌዳ ሠራ። ስድስት ኪሎ ይመዝናል። ሁላችሁም ታውቁታላችሁ፤ እስከ ትናንት ከዚያ በር በላይ ተሰቅሎ ኖሯል። ዛሬ ሚስማሩ ባዶውን መሆኑን አይታችሁ፣ በጨርቅ ተሸፍኖ ፊቴ የተቀመጠው እርሱ ነው ብላችኋል።

ልማዳችንንም ታውቁታላችሁ። የመምረጫ ክፍሉ ኃላፊ ሲሰናበት የአርኪን ሰሌዳ በተተኪው ትከሻ ላይ ያደርጋል። ተተኪውም በማግሥቱ ሰሌዳውን ታጥቆ በሃኒፎርድ ጉድጓድ ይጠልቃል። አርኪ ለእኔ እንዲህ አደረገ። ስሙም ስሜም በመዶሻ ተቀርጾበታል። ባለፈው ሳምንት ደግሞ ማርጎት በደግ ልብ የቴጋንን ስም ከስማችን ሥር አስቀረጸች።

አርኪን ለማታውቁት ልንገራችሁ፤ ከዚህ በር በጎኑ ካልሆነ አያልፍም ነበር። «አልዊን፣ እኔ'ኮ ስብ ነኝ፤ ስብ ደግሞ አይሰምጥም» ይለኝ ነበር ሆዱን እየመታ። በደረቅ ልብሱ ሥር ሚስቱ የሠራችለትን የሱፍ ሹራብ ይደርባል። የሚጠልቀውም ባሕር ውስጥ ነበር፤ ጨው ውኃ ደግሞ ከጉድጓዳችን ውኃ ይልቅ ሰውን ወደ ላይ ይገፋል። ስቡ ወደ ላይ፣ ሱፉ ወደ ላይ፣ ጨዉ ወደ ላይ! ይህን ሰው ወደ ታች ለማውረድ የጋን ብረት ያስፈልግ ነበር። ሰሌዳው ለአርኪ ልክ ነበር።

ለእኔም ልክ ሆነ፤ ነገር ግን እንዲሁ አልሆነም። ሰሌዳውን በሰጠኝ ቀን በመጀመሪያ የተናገረው ቃል «በል ያን የወገብህን እርሳስ በሙሉ አውልቀህ ጣል» የሚል ነበር። ደረቅ ልብስ እለብስ ስለ ነበር እርሳሴን ሁሉ ጣልሁ፤ ብረቱ በቦታው ገባ፤ ሚዛኔ መጣ። የተቀበልሁት ብረት ብቻ አልነበረም፤ ሒሳቡንም ጭምር ነበር።

ቴጋን ማን ናት? ቁመቷ እስከ ደረቴ ነው። ደረቅ ልብስ አትወድም፤ «እንደ ማዳበሪያ ከረጢት አስሮ ይይዘኛል» ትላለች። የምትለብሰው ወፍራሙን የጎማ ልብስ ነው። የጎማ ልብስ ጠባዩ ምንድን ነው? ውስጡ በጥቃቅን የአየር አረፋዎች የተሞላ ነው። ከላይ፣ ጥልቀት በሌለው ውኃ፣ እነዚያ አረፋዎች ሰውን ያነሣሉ። ጥልቅ ሲገባ ግን ውኃው ጎማውን ይጨምቀዋል፤ አረፋዎቹ ይኮማተራሉ፤ ልብሱም ማንሣቱን ይተዋል። ከላይ ወዳጅ የነበረ ልብስ ከታች ቸል ይላል።

አሁን ወደ ባለፈው ሐሙስ ልውሰዳችሁ። ቴጋን የአርኪን ሰሌዳ ከሚስማሩ አውርዳ ታጠቀችና ከዚህ አዳራሽ ጀርባ ባለው የመለማመጃ ገንዳ ውስጥ ገባች። የአየር ከረጢቱን ባዶ አድርጋ፣ ገንዳው ወለል ላይ ቆማ፣ ከረጢቱን ሳትነፋ በእግሯ ብቻ እየቀዘፈች ወደ ላይ ወጣች። እናንተም ዙሪያውን ከባችሁ አጨበጨባችሁ። ዳሚር አፏጨ። እርስዋም መነጽሯን ወደ ግንባሯ ገፋ አድርጋ «አዩ አቶ ትሬሎር? ወጣሁ'ኮ!» አለችኝ።

በዚህ ቤት ሁሉም ሰው በስሙ ብቻ ሲጠራ እኔን ብቻ «አቶ ትሬሎር» የምትል እርስዋ ናት። ይህን አክብሮቷን እወደዋለሁ። ሆኖም እኔ አላጨበጨብሁም።

«ሲሊንደሮቹ ሙሉ ናቸው?» አልኋት።

«ግማሽ ናቸው። የረቡዕ ትምህርት ትራፊ ነው።»

«ገንዳው ምን ያህል ይጠልቃል?»

«አሁን ደግሞ ምን አጠፋሁ?»

ምንም አላጠፋችም። እውነትም ወጥታለች። ነገር ግን የተፈተነው ሌላ ነገር ነው። ሲሊንደር ውስጥ ያለ አየር ክብደት አለው፤ በግማሽ ሲሊንደር የወጣ ሰው በሙሉ ሲሊንደር መውጣቱን አላረጋገጠም። ገንዳው የሁለት ሰው ቁመት ነው፤ ጎማው ገና አልተጨመቀም፤ እስከ ወለሉ ድረስ ያግዛት ነበር። እናንተ ያጨበጨባችሁት ለቴጋን መስሏችሁ ለልብሷ ነው።

ነገ ግን ሃኒፎርድ ነው። ሲሊንደሮቹ መንታ ናቸው፣ ብረት ናቸው፣ ገና ሲጀመር ሙሉ ናቸው። ውኃው ጨው የለውም። ከታች ልብሷ ሲጨመቅ እንደ ወረቀት ይሳሳል። ስድስት ኪሎ ብረት በአከርካሪዋ ላይ በብሎን ተጠርቋል። ያን ጊዜ በእርስዋና በጉድጓዱ ወለል መካከል ያለው አንድ የአየር ከረጢት ብቻ ነው። ከረጢቱ ቢቀደድስ? ቱቦው ቢነቀልስ? ምን ትጥላለች? ወገቧ ላይ እርሳስ የለም። ብረቱን በብሎን ያሰረ ሰው በጭንቅ ጊዜ ብሎን አይፈታም። ቀና ብላ ሰማዩን በውኃው ውስጥ እያየች፣ በሁለት እግሯ ያን ሁሉ ክብደት ልትገፋ ነው።

እንግዲህ ከጠዋት ጀምሮ የማልቀመጠው በዚህ ምክንያት ነው።

ለቴጋን የሚሆነው የትኛው ነው ትሉኝ ይሆናል። ለእርስዋ አሉሚኒየም ነው። ሰሌዳው አንድ ኪሎ ያህል ነው። ከዚያ በላይ ወገቧ ላይ ሦስት ኪሎ እርሳስ፣ በአንድ እጅ በሚፈታ ዘለበት። ጠልቃ ስትጨርስ፣ ሲሊንደሯ ሊያልቅ ሲል፣ ከረጢቷ ባዶ ሆኖ፣ ከውኃው ገጽ ጥቂት ዝቅ ብላ ሳትነሣም ሳትሰምጥም ጸጥ ብላ ትቆማለች። ትክክለኛ ሚዛን ማለት ይህ ነው። ከታች ክፉ ነገር ቢመጣ ደግሞ ዘለበቱን ትከፍተዋለች፤ እርሳሱ ወደ ታች፣ እርስዋ ወደ ላይ። እርሳስ ሌላ ይገዛል።

«ይህን ለምን ለብቻዋ አልነገርሃትም?» የምትሉኝ አላችሁ። ነግሬያታለሁ። ሐሙስ ዕለት፣ ልብሷን ከቀየረች በኋላ፣ እዚያ ጥግ ላይ ቆመን።

«ቴጋን፣ የአርኪ ሰሌዳ ይቅርብሽ» አልሁ።

«ለምን? ስለማልችለው?»

«ስለማይሆንሽ።»

«ለእርስዎ እንዲህ ማለት ቀላል ነው። ስምዎ ተቀርጾበታል፤ ማንም ምንም አይልዎትም። እኔ ያንን ብረት ሳልታጠቅ ሰኞ እዚህ ብቀመጥ፣ የሚገባው ወንድ ሁሉ ‹ሴትዮዋ የአርኪን ሰሌዳ አልቻለችውም› ነው የሚለው። ከዚያ በኋላ ‹አንተ አሉሚኒየም ነው የሚሆንህ› ብለው ማን ይሰማኛል? በሉ እስቲ ይንገሩኝ፣ ማን ይሰማኛል?»

ልጅቱ እውነቷን ነበር። ቅዳሜ ከሰዓት ቢራ ይዘው እዚህ ደጅ የሚቆሙትን ወንዶች አውቃቸዋለሁ፤ አንዳንዶቹ አሁን ከፊቴ ተቀምጠዋል። ይላሉ። በእርግጥ ይላሉ።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ይህ ጥያቄ መቆሚያ መቀመጫ አሳጣኝ። ለቴጋን ስለ ልብስና ስለ ጨው ማስረዳት አያስፈልግም፤ ከሁላችሁ አብልጣ ታውቀዋለች። ሒሳቡን ስታ አልነበረም። ሒሳቡን እያወቀች ለእኛ ስትል ልትሸከመው ነበር። እኛ ነን አንድን የመሣሪያ ዕቃ ዘውድ ያደረግነው። በዚህ ቤት ለማንኛውም እንግዳ «ሰሌዳ ከሰው አይወረስም፤ በልክ ይመረጣል» እያልን፣ የራሳችንን ኃላፊ ግን የሞተ ሰው ሰሌዳ እናስታጥቃለን። ከዚህ የበለጠ ስሕተት አለ? ይህን ስሕተት ሊሠራ የሚችለው ሥራውን አሳምሮ የሚያውቅ፣ ሙያውን የሚወድ፣ ቀዳሚዎቹን የሚያከብር ሰው ብቻ ነው። ጀማሪ አይሠራውም።

ስለዚህ ቴጋን፣ የአርኪን ሰሌዳ በትከሻሽ ላይ አላደርግም።

አታጉረምርሙ። እስክጨርስ ታገሡኝ። ይህን ጨርቅ ልግለጠው።

እንደምታዩት አሉሚኒየም ነው። ምንም ስም የለበትም። አዲስ ነው፤ ጠርዙን እኔው በሞረድ አለስልሼዋለሁ። ይህ ደግሞ የወገብ መታጠቂያው ነው፤ ሦስት ኪሎ እርሳስ አለበት።

ማርጎት፣ ምን አልሽ? ጮክ በይ። «የአባቴ ሰሌዳ የት አለ?»

ስትገቢ ቆመሽበታል።

አዎን። ሁላችሁም ቆማችሁበታል። ዛሬ ጠዋት ማንም ሳይመጣ፣ የበሩን ሲሚንቶ በስቼ፣ በአራት ብሎን ደፉ ላይ ጠርቄው፣ የእግር መጥረጊያውን ምንጣፍ አልብሼዋለሁ። ዳሚር፣ ቤቱ አላረጀም፤ የሚጮኸው አርኪ ነው። ስሞቹ ወደ ላይ ናቸው። እኔ ኩሩ ሰው ነኝ፤ ይህን ልነግራችሁ አያስፈልግም። እናንተ ሳቅ እያላችሁ፣ ሰሃን ይዛችሁ፣ በስሜ ላይ ስትመላለሱ እያንዳንዱን ድምፅ ሰምቻለሁ። ወደ በሩ የተመላለስሁት ምንጣፉ እንዳይገለጥ ነው። የበላሁት ምግብ ጣዕም እንዲህ ሲጠፋብኝ አይቼ አላውቅም።

ማርጎት፣ ተቆጥተሻል። ፊትሽ የአባትሽን መሰለ። «እንዴት እንዲህ ታደርጋለህ? የአባቴን ነገር!» ትያለሽ። መብትሽ ነው። ግን አንድ ቀን ላስታውስሽ። አባትሽ ሰሌዳውን ለእኔ በሰጠበት ግብዣ ላይ፣ አንቺ እዚያ መስኮት ሥር ቆመሽ ኬኩን እየቆረጥሽ ሳለ፣ ምን አለኝ? እኔ በአክብሮት በሁለት እጄ ስቀበለው አይቶ ምን አለኝ?

አስታወስሽው። ድገሚላቸው እንግዲህ።

«አንተ፣ ታቦት አስመሰልኸው እኮ! ካልሆነህ የበር መርገጫ አድርገው፤ ብረት ነው፣ አያለቅስም።»

እንዲህ ነው ያለው። አንቺም ከሳቅሽ ብዛት ቢላዋው ከእጅሽ ወደቀ። አሁንም እየሳቅሽ ነው፤ ወይስ እያለቀስሽ? ሁለቱም ይሁን።

እንግዲህ ከሰኞ ጀምሮ ወደዚህ ቤት የሚገባ ጠላቂ ሁሉ፣ ወንዱም ሴቱም፣ በአርኪ ሰሌዳ ላይ ይቁም። እዚያ ቆሞ ልብሱን፣ ሲሊንደሩንና ውኃውን ይናገር። ሳይናገር ወደ ውስጥ አይለፍ። «ሴትዮዋ የአርኪን ሰሌዳ አልቻለችውም» የሚል ቢኖር እርሱንም እዚያው ላይ አቁሙትና «አንተስ ያንተን ለምን መረጥኸው?» ብላችሁ ጠይቁት። መልሱን እኔም ከዚህ ወንበር ላይ ሆኜ መስማት እፈልጋለሁ።

ነገር ግን ቴጋን፣ አንድ ነገር ቀርቷል። እኔ ከዛሬ በኋላ በዚህ ክፍል የማዘዝ ሥልጣን የለኝም። ሥልጣን የሌለው ሰው በር ላይ ብሎን መምታቱም ነውር ነው ብትዪኝ እውነት ነው። ስለዚህ የብሎኑ መፍቻ ይኸውልሽ። ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥሁት። ብትፈልጊ ብሎኖቹን ፈትተሽ የአርኪን ሰሌዳ ነገ ታጠቂው። እኔም ሃኒፎርድ ጉድጓድ አፋፍ ላይ ቆሜ እመለከታለሁ፤ አፌንም አልከፍትም። ግን እስክትወጪ አልቀመጥም።

ምርጫው ያንቺ ነው። ሰሌዳ የሚመርጠው የሚታጠቀው ነው። ዕድሜዬን ሙሉ ያስተማርሁት ይህንኑ ነው፤ ዛሬ ብሽረው አጉል ይሆናል።

ነይ። መንገድ ስጧት እባካችሁ። ዳሚር፣ እግርህን ሰብስብ።

ከኋላ ያላችሁ አልሰማችሁም። «በሰው ፊት እንዲህ ያደርጋሉ አቶ ትሬሎር?» ነው የምትለኝ። በጓዳ ነግሬሽ እምቢ ስላልሽ ነው ልጄ።

«እርሳሱ ሦስት ኪሎ መሆኑን በምን አወቁ?» ትላለች። ገምቼ ነው! አትመኚኝ። ነገ ራስሽ መዝኚው።

«ሲሊንደሩ ሊያልቅ ሲል ነው የምመዝነው። ከረጢቱ ባዶ ሆኖ።» እንዲያ ነው።

«ዳሚር፣ ነገ ሲሊንደሮቼን እስካፍንጫቸው ሙላልኝ። የረቡዕ ትራፊ ይዘህ ብትመጣ ወዮልህ።» ሰማህ ዳሚር? አዲሷ ኃላፊህ ናት።

መፍቻውን ወሰደችው። ምን ልታደርጊው ነው? ኪስሽ ከተትሽው። «የኔ ነው። ማንም ሰው ያንን ሰሌዳ እንዳይፈታው» ትላለች።

አሉሚኒየሙንም አነሣች። እስቲ ዙሪ፣ ጀርባሽን ልየው። ከትከሻሽ አላለፈም፤ ወገብሽንም አልተጫነም። ማንገቻው በግራ በኩል ትንሽ ይጥበቅ። ሌላው ልክ ነው።

አሁን ብታጨበጭቡ እኔም አጨበጭባለሁ።

እንግዲህ ልሰናበታችሁ። ማርጎት፣ አባትሽ የጀመረው ቤት በእጅሽ ጸንቶ ይቆይ፤ ሳቅሽም አይለይሽ። ዳሚር፣ የምትሞላው አየር ንጹሕ ይሁን፤ ምላስህም ትንሽ ይለዝብ፤ ብዙ ሳይሆን ትንሽ። ቴጋን፣ ጥያቄሽ ከመልስሽ ይቅደም፤ ከአንቺ በኋላ የሚመጣውም ሰው ከአንቺ ምንም ከባድ ነገር አይውረስ። እናንተ ሁላችሁ፣ የምትወርዱበት ውኃ ሁሉ በሰላም ይመልሳችሁ። ከላይ የሚጠብቃችሁ ሰው አይታጣ። ልጆቻችሁ ከእናንተ ቀልለው፣ ከእናንተ ጠልቀው፣ ከእናንተ ይበልጥ በሰላም ይውጡ።

አሁን ያን ወንበር አምጡልኝ። ልቀመጥበት።

ስትወጡ ደግሞ ምንጣፉን አንሡት። በአክብሮት እግራችሁን አንሥታችሁ በትልቅ እርምጃ ሰሌዳውን እንዳትዘሉት። አርኪንም፣ እኔንም፣ ቴጋንንም ጠበቅ አድርጋችሁ ርገጡን።